በኮላና በሰጋቱራ የተደፈነ አውራ ጣት

አሶሳ ውስጥ ስለ ጠባሳ መስማት የፈለገ ሰው ደባልቄ ቤት ይሄዳል። ደባልቄ አናጢ ነው። የሚሠራው ከጓሮው ማንጎ ሥር በቆርቆሮ በከለላት ዳስ ውስጥ ነው፤ አልጋው፣ ቁም ሳጥኑ፣ በርጩማው ሁሉ የሚወጣው ከእሷ ነው። ዕቃ የሚያስጭን ደንበኛ ወሬም አብሮ ይጫንለታል። ዕቃው በትእዛዝ ነው፤ ወሬው ምርቃት።

ግራ ክንዱ ላይ ያለችውን ጠባሳ ያመጣት የመላጊያ ስለት ነው። እሱን ከጠየቃችሁት ግን ዳቡስ ወንዝ ውስጥ ጉማሬ ነው የነከሰው።

"ነከሰኝና አፈረ" ይላል። "ጉማሬ እኮ ይሉኝታ አለው። እስከ ዳር ድረስ ሸኝቶኝ፣ 'ይቅርታ፣ ሌላ ሰው መስለኸኝ ነው' ብሎኝ ተመለሰ።"

ቅንድቡን የጫረችው ከመዶሻ ሥር ተስፈንጥራ የበረረች ምስማር ናት፤ በእሱ አፍ ግን የማንኩሽ ንብ ናት፣ ዶሮ የምታህል፣ ማሯን በጆንያ ተሸክማ የምትበር። ጉልበቱ የተላጠው ከገዛ በርጩማው ላይ ወድቆ ነው፤ እሱ ግን ሱዳን ድንበር፣ ኩርሙክ ላይ ከግመል ጋር ሩጫ ገጥሞ ቢቀድመው፣ ግመሉ በቅናት ጠልፎ እንደጣለው ይምላል። በማን ይምላል ቢሉ፣ በግመሉ።

ሚስቱ ቢሊሴ ይህን ሁሉ ምስር እየለቀመች ትሰማለች። ወለጋ ተወልዳ ባምባሲ ያደገች፣ ከቁጣዋ ይልቅ ዝምታዋ የሚያስፈራ ሴት ናት። ጉማሬው ሲመጣም፣ ንቧ ስትመጣም፣ ቀና ብላ አታይም። ጠጠሯን ለቅማ ትጥላለች።

ነገር የመጣው ክብ መጋዙ ወደ ግቢው ከገባ በኋላ ነው። ሞተር ያለው፣ ከጠረጴዛ መሀል ጥርሱን አውጥቶ የሚሽከረከር መጋዝ ነው፤ ሲነሳ የሰፈሩ ውሻ ሁሉ አብሮ ይነሳል። የተገዛው ቢሊሴ ከአባቷ ቤት ባመጣቻት ጊደር ስለሆነ፣ በማሽኑ ላይ የመጨረሻው ቃል የእሷ ነው። ቃሏንም ገና የገባ ዕለት፣ ታላቅ ወንድሟ ኤጀታ በቆመበት ተናግራለች።

"ይሄ ነገር አንድ ቀን ደም ከቀመሰ ባምባሲ ይሄዳል። ኤጀታ፣ ያኔ ያንተ ነው።"

ኤጀታ ባምባሲ ላይ እህልም ጣውላም የሚነግድ ሰው ነው። ከዚያ ቀን ወዲህ እህቱን ሊጠይቅ በመጣ ቁጥር ገመድ ትከሻው ላይ ጠምጥሞ ነው። "ገመዱ ለምንድን ነው?" ሲሉት "እንዲያው ነው" ይላል። ከሰላምታ በፊት ግን የደባልቄን ጣቶች አንድ በአንድ በዓይኑ ይዳስሳል፤ ሁሉም በየቦታው መኖሩን ሲያይ ትንሽ ቅር ይለዋል።

መጋዙ ሲመጣ ብቻውን አልመጣም ነበር። የሚሽከረከረውን ጥርስ ከላይ የሚጋርድ፣ ብየዳ ቤት የተሠራ ሰፊ የብረት ክዳን ነበረው። ደባልቄ "ዓይኔን ይጋርደኛል" ብሎ ፈታው፤ ገልብጦም ማንጎው ሥር ጣለው። ቀይዋ ዶሮ አየችው፣ ዞረችው፣ ገባችበት። ጭድ ሲጨመርላትማ የአባቷ ርስት አደረገችው። ሌላው ደግሞ መግፊያ ነው፤ ጣውላው አጥሮ ጣት ወደ ጥርሱ ሲቀርብ፣ በጣት ፋንታ የሚገፋበት እንጨት። ይሄን ደባልቄ ራሱ ከዋንዛ ጠረበው። ተጠቦ ስለጠረበው አማረ፤ ስላማረ ቢሊሴ አየችው፤ ቢሊሴ ስላየችው የገንፎ ማማሰያ ሆነ። እንዲህ እንዲህ እያለ መጋዙ ራቁቱን ቀረ፤ አንዱ ልብሱ ዶሮ ታቀፈችበት፣ ሌላው ገንፎ ተገነፋበት።

ያን ቅዳሜ ሙቀቱ ለጉድ ነበር። ማንጎው ቅጠሉን እንኳ አያንቀሳቅስም። ደባልቄ፣ ጎረቤቱ ኻሚስ ከኩርሙክ ያመጣለትን ነጭ ጀላቢያ ለብሶ ወደ ዳሱ ወጣ። እጅጌው ሰፊ፣ ነፋስ በአንዱ ገብቶ በሌላው የሚወጣበት ነው። ኻሚስ ራሱ ማንጎው ሥር ተቀምጦ፣ ያዘዘው የዕቃ ቁም ሳጥን እስኪያልቅለት ማንጎ ይልጣል። ቢሊሴ ገበያ ሄዳለች፤ ኤጀታ ለምሳ ይመጣል ተብሏልና የዳቡስ ዓሣ ልትገዛ።

"ያ ደባልቄ" አለ ኻሚስ፣ ዓረብኛ በቀላቀለና ወንድና ሴት በማይለይ አማርኛው፣ "ይሄ ጀላቢያ ለመኝታ ነው የሰጠሁህ። ለማሽን አይደለም።"

"አንተ ደግሞ! ማሽን ልብስ ይመርጣል?"

"ማሽን አይመርጥም። ያገኘው ሁሉ ይበላል።"

ደባልቄ ሳቀ፤ መጋዙንም አስነሳ። የቀረችው ለቁም ሳጥኑ ጠርዝ የምትሆን ቀጭን ጣውላ ናት። እየገፋት እየገፋት ልታልቅ ስትል መግፊያው ትዝ አለው። መግፊያው ማጀት ነው። ማጀቱ ከዳሱ ሳል ቢስሉ የሚሰማበት ነው፤ ለሰነፈ ሰው ግን ከኩርሙክ ይርቃል። "ለዚህች ለዚህች!" አለና በአውራ ጣቱ ገፋ።

መጋዙ ሰፊውን እጅጌ አገኘ። ጎተተው። ጨርቁ ተተረተረ፣ ደባልቄ ወደ ኋላ ዘለለ፣ ኻሚስ ሮጦ ሶኬቱን ነቀለ። ውሾቹ ዝም አሉ።

የቀኝ እጁ አውራ ጣት ከጥፍሩ ሥር ጀምሮ በጎን ተከፍቷል። ደሙ በነጩ ጀላቢያ ላይ ይወርዳል።

"ሐኪም!" አለ ኻሚስ። "ጨርቅ የት ነው? ንጹሕ ጨርቅ! ጭምቅ አድርገህ ያዝ፣ ተነስ እንሂድ!"

ደባልቄ ግን ጣቱን አላየም። ያየው የግቢውን በር ነው። በዚያ በር ቢሊሴ ትገባለች። በዚያ በር ኤጀታ ከነገመዱ ይገባል። ማሽኑ ሲታሰር፣ ሲጫን፣ በባምባሲ መንገድ አቧራውን እያስነሳ ሲሄድ ቁልጭ ብሎ ታየው። እሱ ደግሞ ወደ እጅ መጋዙ ተመልሶ፣ ትከሻው እስኪዝል ሲገዘግዝ።

እዚህ ላይ አናጢነቱ መጣበት። ደባልቄ የተሰነጠቀ ጣውላ አይጥልም። ኮላና ሰጋቱራ ለውሶ ስንጥቁን ይደፍናል፤ ሲደርቅ በብርጭቆ ወረቀት ያሸዋል፤ ከላይ ቫርኒሽ ይለቀልቅበታል። ከዚያ በኋላ ስንጥቁ የት እንደነበር ዛፉ ራሱ ቢጠየቅ አያውቅም።

"ጣቴ ከጣውላ በምን ያንሳል?" አለ።

"ምን አልክ?"

"ኮላውን አቀብለኝ።"

"አብደሃል! ወላሂ አብደሃል!"

ደባልቄ ጣቱን በሲባጎ ጠፍሮ ደሙ ጋብ እስኪል ጠበቀ። ሰጋቱራውንም ከመሬት እንዲሁ አላፈሰም፤ "የዋንዛው ከመልኬ ጋር ይሄዳል" ብሎ መርጦ ነው። ነጩን ኮላ አፈሰሰበት፣ ለወሰው፣ ቁስሉ ውስጥ ጠቀጠቀው። ዓይኑ እንባ ሞላ።

"ያቃጥላል?" አለ ኻሚስ፣ ፊቱን ጭፍግግ አድርጎ።

"ዋ… ዋንዛ እኮ ጠንካራ እንጨት ነው።"

ፀሐይ ላይ አስጥቶ አደረቀው። በብርጭቆ ወረቀት ዳር ዳሩን እሽት አደረገው። ቫርኒሹንም አንስቶ ነበር፤ እሱን ግን ኻሚስ ከእጁ ቀማውና ሲያበቃ በላዩ ተቀመጠበት።

"ኻሚስ ወንድሜ" አለ ደባልቄ፣ በደም የተበከለውን ጀላቢያ ሰጋቱራ ሥር እየቀበረ፣ "አፍህን ዝጋልኝ።"

"እዘጋለሁ። ግን ሚስትህ ከጠየቀ አልዋሽም።"

"አትጠይቅህም።"

"ቢጠይቅስ?"

"አፍህን በገንፎ ሙላው። በሞላ አፍ ማን ይናገራል!"

ኻሚስ አሰበበት። በሞላ አፍ ዝም ማለት ውሸት እንዳልሆነ ከራሱ ጋር ተስማማና ራሱን ነቀነቀ።

ኤጀታ ደረሰ። ገመዱ ትከሻው ላይ ነው።

"አካም ጅርታ፣ ደባልቄ!" ብሎ እጁን ዘረጋ።

ደባልቄ የእጁን አንጓ ሰጠው። "እጄ ኮላ ነው" አለ። ከዓመት እስከ ዓመት ለኤጀታ የነገረው ብቸኛ እውነት ይህ ሳይሆን አይቀርም።

ቢሊሴ ከገበያ ተመልሳ፣ ከኻሚስ ሚስት የተማረችውን የማሽላ ገንፎ ሠርታለች፤ ከጎኑ የባሚያ ወጥ፣ ከዚያም ላይ የተጠበሰ ዓሣ። ገንፎው ገና ይንተከተካል፤ ማማሰያው መሀሉ ላይ ቆሟል። ሁሉም በእጅ የሚበላ ነው፤ ያውም በቀኝ እጅ፣ ያውም አውራ ጣት ካልታከለበት አልያዝ የሚል። ደባልቄ ሳህኑን አይቶ ምራቁን ዋጠ፤ ከረሃብ አይደለም።

ቢሊሴ ጆግና ሳፋ ይዛ ቀረበች። ደባልቄ ግራውን አቀረበ።

"ቀኝህስ?"

"ታጥቤያለሁ።"

"ግራህ ነው እንግዳው?"

አራት ጣቱን ዘርግቶ፣ አምስተኛውን መዳፉ ውስጥ ደብቆ አቀረበላት። ቢሊሴ አፈሰሰችለት። ዝምታዋ ከውሃው ይቀዘቅዛል።

መብላት ተጀመረ። ደባልቄ በአራት ጣት ገንፎ ሊዝቅ ይታገላል። ባሚያው እንደ ሳሙና ያንሸራትታል። ዓሣው አንድ ጊዜ ከእጁ አምልጦ ኤጀታ ጭን ላይ አረፈ።

"ይሄ ዓሣ ወደ ዳቡስ ሊመለስ ነው እንዴ!" አለ ኤጀታ። ከዚያ ዓይኑን ጠበብ አደረገ። "አንተ፣ አውራ ጣትህ የት ሄደ? ሰፈር ቀየረ?"

ኻሚስ ቶሎ ብሎ ገንፎ ጎረሰ።

"እዚህ አለ" አለ ደባልቄ፤ ከመደበቅ ማሳየት ይሻላል ብሎ ብቅ አደረገው። ጣቱ የወትሮውን እጥፍ አክሏል። መልኩ ደህና የዋንዛ መልክ ነው።

"ምን ሆነህ ነው?" አለች ቢሊሴ።

ኤጀታ ግድግዳውን ተደግፎ ተመቻቸ። ወሬ ሊመጣ ነው ብሎ። ደባልቄም አሰበ፤ ዛሬ ትልቅ ወሬ ካመጣሁ ሁሉም አጎንብሶ ጣቴን ያያል፤ ዛሬ ትንሽ ነገር ተናግሬ ልለፍ አለ።

"ስንጥር ነው" አለ። "ትንሽ ስንጥር ወግታኝ ነው።"

ቢሊሴ የያዘችውን ጉርሻ መልሳ አስቀመጠች።

"ስንጥር?"

"ስንጥር።"

"የምን ስንጥር?"

"የጣውላ ነዋ።"

"ጣውላው ወንዝ ውስጥ ነበር?"

"አይ፣ ዳሱ ውስጥ።"

"ጉማሬ አልነበረበትም?"

"ኧረ ምን ጉማሬ!"

"አዞስ? ያቺ ንብስ?"

"ምንም አልነበረ። ስንጥር ብቻ።"

የቢሊሴ ፊት አመድ መሰለ። "ማል ጀቴ?" አለች፤ ስትደነግጥ ወደ ኦሮምኛዋ ነው የምትመለሰው። ብድግ አለች። "ምን አልክ? ስንጥር ብቻ? አምና የምስር ክክ የማታህል ስንጥር ስትገባብህ አዞ አመጣህ። ምስማር ስትጭርህ ንብ አመጣህ። ጉማሬ ሲኖር እኔ ደህና መሆንህን አውቃለሁ፣ ምስሬን እለቅማለሁ። ዛሬ ጉማሬም የለ፣ አዞም የለ፣ እንዲያው ባዶ ስንጥር! ኤጀታ፣ ባጃጅ ጥራ! ይሄ ሰው ሊሞትብኝ ነው!"

ደባልቄ የሠራው ስህተት ያኔ ገባው። ሊያቃና ተጣደፈ።

"ቆይ፣ ቆይ… እንዲያውም አዞ ነበረ።"

"የት?"

"እ… ማንጎው ሥር።"

"ምን ያህል ነበር?"

ደባልቄ እጁን ዘረጋ፣ መልሶ አጠበበው። ጣቱ ይጠዘጥዘዋል፤ አዞው አልመጣልህ አለው። "መካከለኛ" አለ።

"መካከለኛ!" ብላ ጮኸች ቢሊሴ። በትዳራቸው ዘመን ሁሉ ደባልቄ መካከለኛ አዞ አምጥቶባት አያውቅም። "ኻሚስ! አንተ እዚህ ነበርክ። ምንድን ነው የሆነው?"

ኻሚስ ጎረሰ። ቢሊሴ ጠበቀች። ኻሚስ አኘከ፤ ዋጠ፤ እጁን ወደ ሳህኑ ሰደደ፤ ቢሊሴ ሳህኑን ሳበችው።

"ኻላስ" አለ ኻሚስ። "ገንፎ ሄደ። እንግዲህ ልናገር። መጋዝ ነው የቆረጠው። ኮላ አደረገ። ሰጋቱራ አደረገ። ቫርኒሽ ሊያደርግ ነበር፣ እኔ ተቀመጥኩበት።"

እነሱ ይህን ሲባባሉ ጣቱ የራሱን ሥራ ይሠራ ነበር። ኮላ ሙቀትና እርጥበት አይወድም። ይህን ከደባልቄ በላይ የሚያውቅ የለም፤ ለደንበኛው ሁሉ "ጠረጴዛው ላይ ትኩስ ነገር እንዳታስቀምጡ" የሚለው እሱ ነው። የገንፎው ግለት ድፍኑን አላልቶት ነበርና ሙሉው የዋንዛ ለውስ ከጣቱ ተላቆ ሳህኑ ጠርዝ ላይ ጠብ አለ። ደሙም ተከተለው።

ኤጀታ የዓሣ እሾህ የተቀረቀረበት መሰለ። ቢሊሴ ግን አንድ ጊዜ እንኳ አልጮኸችም። የታጠበ ነጭ ጨርቅ ከሳጥን አወጣች፣ ቁስሉ ላይ አድርጋ በሁለት እጇ ጨመቀችው፣ ክንዱንም ወደ ላይ አነሳችው።

"ከራስህ በላይ ያዝ። ብታወርደው ወዮልህ!"

በባጃጁ ውስጥ ደባልቄ እጁን ሰቅሎ ነው የሄደው። የአሶሳ ሰው ሁሉ ያውቀዋልና ሰላምታ መስሏቸው እጃቸውን እያነሱ መለሱለት። አንዱማ ብስክሌቱን አቁሞ ባርኔጣውን አወለቀ።

ጤና ጣቢያው ውስጥ የተቀበለቻቸው ሲስተር ሩሐማ ናት፤ ከሸዋ ተመድባ የመጣች፣ ፊቷ የሚስቅ፣ እጇ የማይስቅ ነርስ።

"በምንድን ነው የተቆረጡት?"

ደባልቄ አፉን ከፈተ። አዞው ብቅ አለ፤ አሁንስ ሙሉ ቁመቱን ይዞ ነው የመጣው። ቢሊሴን አያት።

"ይንገሩኝ" አለች ሲስተር ሩሐማ፣ ጓንቷን እያጠለቀች። "የማክመው በነገሩኝ ነው። አዞ ካሉኝ የአዞ ሕክምና ነው የምሰጥዎት። ቁስሉ ውስጥ ምን እንደገባ ካላወቅሁ ግን ይቺ ጣት ተመርቅዛ ትሄዳለች። አውራ ጣት ከሄደ ደግሞ እጅዎ ማንኪያ ነው፤ ምንም አይጨብጥም።"

መዶሻው ታየው። መላጊያው ታየው። እርሳስ እንኳ በአውራ ጣት ነው የሚያዘው። ደባልቄ እውነቱን መናገር ጀመረ፤ ልምድ የለውምና እየተደናቀፈ። ጀላቢያውን ተናገረ፣ ከኻሚስ ምክር ጋር። ክዳኑን ፈትቶ ለዶሮ መስጠቱን ተናገረ። በጣቱ መግፋቱን ተናገረ።

"በጣት ይገፋል እንዴ? የሚገፋበት እንጨት የለዎትም?"

"አለኝ። ማጀት ነው።"

"ማጀት ምን ይሠራል?"

ቢሊሴ ከበሩ አጠገብ ያለችው ወንበር ላይ ቀስ ብላ ተቀመጠች። "ገንፎ ያማስላል" አለች፤ በማይሰማ ድምፅ።

ሲስተር ሩሐማ ሳቋን ዋጠችና ማደንዘዣ ወጋችው። ከዚያ ማጠብ ጀመረች። ማጠቡ አያልቅም። በመቆንጠጫ እየለቀመች ሳህን ላይ ትጥላለች።

"ይሄ ምንድን ነው?"

"ዋንዛ ነው።"

"ይሄኛውስ? ቀላ ያለው?"

"እሱ… ጽድ ሳይሆን አይቀርም። ትናንት አልጋ ሠርቼ ነበር።"

"ይሄ ደግሞ?"

ደባልቄ አጎንብሶ መረመረው። "ይሄንን እንጃ። የብርጭቆ ወረቀቱ ይሆናል።"

መርፌውን ከመውጋቷ በፊት ጫፉን በጥጥ ነካክታ "ይሰማዎታል?" ብላው፣ ሲሰማው አይታ ነበር። አሁን ቁስሉ ጠርቶ ከታየ በኋላ "ጣትዎን አጠፍ ያድርጉት" አለች።

ሦስቱም ጣቱን አዩ። ደባልቄ ትንፋሹን ያዘ። ጣቱ ትንሽ ቆመ፤ እንዳኮረፈ ልጅ። ከዚያ ታጠፈ።

"ዋቃዮ!" አለች ቢሊሴ።

"ጅማቱ ደህና ነው፤ አጥንቱንም አልነካም። ለጥቂት ነው የተረፉት። ዛሬ ግን አልሰፋውም፤ እንዲህ ቆሽሾ የቆየ ቁስል ዘግቼ አልሸኝም። እየመጡ ይታያል፤ ንጹሕ ከሆነ ያን ጊዜ እንሰፋዋለን። የመንጋጋ ቆልፍ መርፌም አሁን ይወጋሉ። ለሌላ ጊዜ፣ ማሽኑን ያጠፋሉ፣ በንጹሕ ጨርቅ ጫን ብለው ይይዛሉ፣ እጅዎን ከፍ አድርገው ይመጣሉ። ኮላ የለበትም።"

"ቡናስ? ቡና ቢነሰነስበት?"

"ቡና ይጠጣል።"

"ናፍጣ?"

"ጋሼ!"

ደባልቄ በፋሻ የተጠቀለለ ጣቱን አንግቶ ወደ ቤቱ ሲመለስ ግቢው ውስጥ የጠበቀው ነገር ከመርፌው የባሰ ነው። ኤጀታ ማሽኑን ጠፍሮ አስሮታል። ለዓመት የተሸከመው ገመድ በመጨረሻ ሥራ አገኘ። ዕቃ የሚጭን ባጃጅም ጠርቶ በሩ ላይ አቁሟል።

"እንኳን ተረፍክ!" አለ ኤጀታ፣ ከልቡ ነው። "ቢሊሴ፣ ቃልሽ ቃል ነው። ደም ቀምሷል።"

ደባልቄ ምንም አላለም። ይህም ቢሊሴን አስደነገጣት፤ ወሬ ያጣ ደባልቄን እንዴት እንደምታስታምም አታውቅም። ማሽኑን አየችው። ከዚያ ከማጀቱ መስኮት ላይ ገንፎ እንደለበሰ የተጋደመውን ማማሰያ አየች።

"ቃሌ ቃል ነው" አለች። "ውሰድ። ግን ከነክዳኑ ነው። ጥርሱ ያፈጠጠ መጋዝ ለወንድሜ አልሰጥም። ያንተም ጣት የእናቴ ልጅ ጣት ነው።"

"ክዳኑ የት አለ?"

ቢሊሴ ወደ ማንጎው ጠቆመች። ቀይዋ ዶሮ ክዳኑ ውስጥ እንቁላሏን ታቅፋ፣ እንደ ዳኛ ተኮፍሳ ተቀምጣለች። ኤጀታ እየሳቀ ሄዶ አጎነበሰና እጁን ከክዳኑ ሥር ሰደደ። ዶሮዋ አላስጠነቀቀችም። አንድ ጊዜ ነው የነቆረችው፤ ልክ በአውራ ጣቱ ላይ።

"ወይኔ!" ኤጀታ ዘሎ ወደ ኋላ ተመለሰ። ጣቱ ላይ ደም ብቅ ብሏል።

ያኔ ደባልቄ ነፍስ ዘራ። "ኤጀታ፣ ደም የቀመሰ ሁሉ ባምባሲ የሚሄድ ከሆነ" አለ፣ "ዶሮዋንም እሰራት እንጂ!"

መጀመሪያ የሳቀው ኻሚስ ነው። ቀጥሎ የባጃጁ ሾፌር። ቢሊሴ ልትቆጣ ሞከረች፤ አልሆነላትም፤ ማንጎውን ይዛ ሳቀች። ኤጀታ ጣቱን እየመጠጠ ቆሞ ቆሞ፣ በመጨረሻ እሱም ተሸነፈ።

"ኮላ ላምጣልህ?" አለው ኻሚስ።

ፍርዱን የሰጠችው ቢሊሴ ናት። ጫጩት እስኪፈለፈል ክዳኑ አይነካም፤ ክዳኑ እስኪገጠም ማሽኑ አይነሳም፤ የኤጀታም ገመድ እስከዚያው ማሽኑ ላይ እንደታሰረ ይቆያል። ከዚያ በኋላ ያለ ክዳኑ ሲሽከረከር ካየችው ግን ራሷ ጭና ባምባሲ ታደርሰዋለች። ይህን ብላ ማጀት ገባች። ማማሰያውን በፈላ ውሃ አጥባ አመጣችና መጋዙ አጠገብ ባለው ምስማር ላይ ሰቀለችው። ኤጀታ ግን ትከሻው ባዶ ሆኖ ወደ ባምባሲ ሲመለስ ምን እንደጎደለው ግራ ገብቶት መንገዱን ሁሉ ትከሻውን ሲዳብስ ሄደ።

ጣቱና እንቁላሉ ተያይዘው ሰነበቱ። ደባልቄ ለፋሻ ቅየራ ሲመላለስ፣ ቆይቶም ቁስሉ ጠርቶ ሲሰፋለት፣ ዶሮዋ ከቦታዋ ንቅንቅ አላለችም። ጠዋት ጠዋት ፊቷ ቁጢጥ ብሎ "እስቲ ፍጠኝ፣ ኻሚስ ቁም ሳጥን ይጠብቃል" ይላታል፤ እሷ በአንድ ዓይኗ አይታው ትዘጋለች። ጫጩቶቹ ሲወጡ ክዳኑ ታጠበ፣ ተገጠመ። ገመዱ ተፈታ። ኻሚስ ደግሞ ከኩርሙክ ሌላ ስጦታ አመጣለት፤ እጅጌው ከክርን በላይ የሚቀር ሸሚዝ።

የመጀመሪያው ደንበኛ በርጩማ ሊያዝ ሲመጣ ዓይኑ ከአዲሱ ጠባሳ ላይ አረፈ።

"ደባልቄ፣ ይቺ ደግሞ የማናት?"

ደባልቄ ወደ ማጀቱ አየ። ቢሊሴ ምስር እየለቀመች ነው፤ ግን እጇ ቆሟል። ስለዚህኛው ጠባሳ እውነቱን ሊናገር ለእሷ ቃል ገብቷል።

"ክብ መጋዝ ቆርጦኝ ነው" አለ። "ክዳኑን ለዶሮ ሰጥቼ፣ መግፊያው ገንፎ እያማሰለ፣ ጀላቢያ ለብሼ ስሠራ። ከዚያ በኮላና በዋንዛ ሰጋቱራ ደፈንኩት። በብርጭቆ ወረቀትም አሸሁት። ገንፎ ስበላ ተነቅሎ ወደቀ።"

ደንበኛው እስኪያስለው ሳቀ። "ኧረ ተው እንግዲህ! ጉማሬው ይሻላል፤ እሱ እንኳ ለማመን ይመቻል!"

"እውነቴን ነው!"

"በኮላ! ሰው ጣቱን በኮላ!"

"ኻሚስ፣ ንገረው እንጂ!" ኻሚስ ግን ማንጎው ሥር ተቀምጦ አፉ በማንጎ ሞልቶ ነበር።

"እውነቱን ነው" አለች ቢሊሴ ከማጀት።

"አንቺንም አስለመደሽ?" አለ ደንበኛው፣ እንባውን እየጠረገ።

በዕድሜው ሙሉ ውሸታም ሲሉት የሚኮራው ደባልቄ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ከፋው። አጭር እጅጌውን ሳያስፈልግ ወደ ላይ ሳብ አደረገ፤ ክዳኑን አወረደ፤ መግፊያውን ከምስማሩ አወረደና በዳነው ጣቱ ጨብጦ ያዘው።

"ካላመንክ" አለ፣ በጫጩቶቿ መሀል ወደምትጭረው ወደ ቀይዋ እየጠቆመ፣ "ሂድ ዶሮዋን ጠይቃት። ግን ጣትህን አርቀህ።"